አንድ ሰዓት ተስሎ የባሰበት ሰንጢ

ጥያቄው፦ «በአንድ በኩል ሻካራ፣ በሌላው ለስለስ ያለ ባለሁለት ገጽ የመሳያ ድንጋይ ገዝቼ የኪስ ሰንጢዬን ራሴ መሳል ጀመርኩ። ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ዘይት አፈሰስኩበት፤ አንዱን ጎን አሥር ጊዜ፣ ሌላውን አሥር ጊዜ እያልኩ በሁለቱም ገጽ አንድ ሰዓት ያህል ለፋሁ። ከበፊቱ ባሰበት። ጋዜጣ ይቦጭቃል እንጂ አይቆርጥም፤ ጎኑም ተጫጭሯል። ድንጋዩን የሸጠልኝ ሰው ‹3000 ወይም 6000 ቁጥር ካልጨመርክበት አይሆንም› ይለኛል። ልግዛ? ወይስ በእግር እየዘወሩ ለሚሞርዱት ልስጠው? ብረቱ አይዝጌ ነው፤ ርዝመቱ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል።»

3000ውንም 6000ውንም አይግዙ። ሰንጢዎ የደነዘው ድንጋይዎ ሻካራ ስለሆነ አይደለም። በ240 ቁጥር ድንጋይ ብቻ (ቁጥሩ በበዛ መጠን ድንጋዩ ይለሰልሳል) በደንብ የተሳለ ሰንጢ ጋዜጣ ይቆርጣል፤ የበሰለ ቲማቲምም ሳይጨፈልቅ ቆዳውን ይበጣል። ልሙጥ ድንጋይ የወጣን ስለት ያለሰልሳል እንጂ ስለት አያወጣም። በሻካራው ያልመጣውን በ6000 ቁጥር ላይ ሲፈልጉ ቢውሉ የሚያገኙት የሚያብረቀርቅ ዱልዱም ነው።

ከጻፉት ሁሉ ብዙ የሚናገረው የጎኑ መጫጫር ነው። ጭረቱ ከአፉ ርቆ በሰፊው ጎን ላይ ከታየ ሰንጢው የተሳለው ተኝቶ ነው፤ ድንጋዩ የበላው ትከሻውን፣ ማለትም ከአፉ ከፍ ብሎ ያለውን ክፍል እንጂ የሚቆርጠውን መስመር አይደለም። ታዲያ መስመሩ ካልተነካ ለምን ባሰበት? መሐል መሐል ላይ ደግሞ ጀርባው ከልክ በላይ እየተነሣ ተስሏልና ነው። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ የተገፋ ሰንጢ ሃያ ጊዜ በትክክል ተገፍቶ የመጣውን ስለት ያጠፋል። እጅ ሲደክም ይህ የማይቀር ነው፤ ለአንድ ሰዓት ያለ ዕረፍት መሳልም ለጀማሪ አይመከርም።

የሰንጢ አፍ ሁለት ጠባብ ተዳፋቶች የሚገናኙበት መስመር ነው። ደነዘ የምንለው መስመሩ በሥራ ብዛት ተበልቶ ሲድበለበል፣ ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ፣ ወይም አጥንትና ሽቦ ነክቶ ሲሸረፍ ነው። ሎሚ ቆርጦ ሳይታጠብ ያደረ ሰንጢም ዝገት ሳይታይበት አፉ ይበላል፤ አይዝጌ የሚባለው ብረት ዝገትን ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አይከለክልም። የደነዘውን ቦታ በዓይን ማየት ይቻላል። አምፖል ሥር ቆመው የሰንጢውን አፍ ወደ ላይ አዙረው ቀስ እያሉ ያዘንብሉት። እንደ ነጭ ክር የሚያበራ ነገር ካዩ እዚያ ቦታ ላይ ሁለቱ ተዳፋቶች አልተገናኙም። የተሳለ አፍ ብርሃን የሚመልስበት ስፋት ስለሌለው ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

መሳል እንግዲህ ከሁለቱም ተዳፋቶች ብረት እየቀነሱ መስመሩ እንደገና እንዲገናኝ ማድረግ ነው። ስንት ጊዜ መግፋት እንደሚበቃ ማንም አስቀድሞ ሊነግርዎ አይችልም፤ የሚወስነው የሰንጢው ድንዛዜ ነው። ትንሽ ለደነዘ ሰንጢ አሥር አሥር ይበቃው ይሆናል። ዓመት ሙሉ ገመድና ካርቶን የቆረጠ ሰንጢ ግን በአንድ ጎን መቶ ሃምሳም ሁለት መቶም ሊፈልግ ይችላል። ቪዲዮ ላይ ያለው ሰው አሥር አሥር ሲል የያዘው ቀድሞም የተሳለ ሰንጢ ነው። ጎን ቶሎ ቶሎ መቀያየሩ ሌላም ጉዳት አለው፦ አንዱ ጎን መድረሱን የሚያሳውቀውን ብቸኛ ምልክት ይሰውርብዎታል።

ያ ምልክት በሙያው ቡር ይባላል። አንዱን ተዳፋት ሲስሉት ብረቱ መስመሩ ጋ እየሳሳ ይሄድና ድንጋዩን መቋቋም ሲያቅተው ወደ ማዶኛው ጎን ይታጠፋል፤ ከፀጉር የቀጠነ የብረት ከንፈር ማለት ነው። ቡር ከወጣ ድንጋዩ የአፉን መስመር ነክቷል፤ ካልወጣ አልነካም። መሐል ቤት የለም። የሚፈተሸው ከተሳለው ጎን በተቃራኒ ነው፦ የአውራ ጣትዎን ሥጋ ከጀርባው በኩል ወደ አፉ አምጥተው ወደ ውጭ ያንሸራትቱት። ትንሽ የሚይዝ፣ የሚሻክር ጠርዝ ይሰማዎታል። ጣትን በአፉ ርዝመት ማስኬድ ግን መቆረጥ ነው፤ አይሞክሩት። ጣትዎን ካላመኑት የጥጥ ቁራጭ በዚያው አቅጣጫ ይጎትቱበት፤ ቡሩ ክሩን ይይዘዋል።

ቡሩ ከእጀታው ሥር እስከ ሹሉ ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት። ጀማሪዎች መሐሉ ላይ ሲያገኙት ደስ ብሏቸው ጎን ይቀይራሉ፤ ከዚያ ሰንጢው መሐሉ የሚቆርጥ፣ ጫፉና ሥሩ የሚያንሸራትት ይሆናል። ያልወጣበትን ቦታ ብቻ ለይተው ይሥሩበት።

ወደ ማዕዘኑ እንምጣ፤ ለእርስዎ ከባዱ ይህ ነው። ለኪስ ሰንጢ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ይበቃል። የስዊሶቹ ቪክቶሪኖክስ ለራሳቸው ሰንጢዎች የሚመክሩት ሁለቱ ጎን ተደምሮ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ማለት ነው። ከዚያ ቢያንስ አፉ ሳስቶ ቶሎ ይታጠፋል፤ ከ25 ካለፈ ስለቱ ቢቆይም ሲቆርጡ እንደ ጉጠት ይከብዳል። 20 ዲግሪን ያለ መለኪያ ለማግኘት ሰንጢውን አፉን ወደ ታች አድርገው ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ያ 90 ነው። ግማሹን ያዘንብሉት፣ 45 ይሆናል። የቀረውን እንደገና ግማሹን፣ 22 ተኩል ላይ ነዎት። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ማለት ነው። በማስመሪያ የሚለካም መንገድ አለ፦ የብረቱን ስፋት ለሦስት ያካፍሉና ከውጤቱ የጀርባውን ውፍረት ግማሽ ይቀንሱ። የእርስዎ ስፋት 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጀርባው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከድንጋዩ እስከ ጀርባው ሥር ያለው ክፍተት 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሳንቲሞች ደራርበው እስከዚያ ቁመት ካደረሱ በኋላ ጀርባውን አስደግፈው ይዩት፤ እጅዎ ሁኔታውን ሲይዝ ሳንቲሞቹን ያንሡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሰንጢ ከትልቅ ቢላ የሚከብድበት ምክንያት አለ። 15 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ ብረት ላይ ጀርባው በ1 ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ማዕዘኑ በ4 ዲግሪ ገደማ ይቀየራል። 45 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ የወጥ ቤት ቢላ ላይ ያው 1 ሚሊ ሜትር አንድ ዲግሪ ከሩብ ብቻ ነው። በወጥ ቤት ቢላ የሚያልፍ ስሕተት በሰንጢ አያልፍም ማለት ነው፤ የእጅዎ ችግር ብቻ ነው ብለው አይዘኑ።

ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ማርከር ይነግርዎታል። የተዳፋቱን ስፋት በሙሉ በጥቁር ማርከር ይቀቡ፤ አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ድንጋዩ ላይ አመላልሰው ይዩ። ቀለሙ የተፋቀው ከላይ፣ ትከሻው ጋ ብቻ ከሆነ ጀርባውን ያንሡ። አፉ ጫፍ ላይ በቀጭኑ ብቻ ከተፋቀ ዝቅ ያድርጉ። ከላይ እስከ ታች እኩል ከጠፋ ማዕዘኑን አግኝተውታል። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ማርከሩ ከእጅዎ አይራቅ፤ በየሃያው ምልልስ እንደገና መቀባት አያሳፍርም።

አሁን ስለ ድንጋዩ። በየሱቁ የሚሸጠው ግራጫ ባለሁለት ገጽ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ሻካራው 120፣ ለስላሳው 240 ቁጥር አካባቢ ነው። ሻካራው ለተሸረፈ አፍ ካልሆነ ለሰንጢ አይነካ፤ ብረት በከንቱ ይበላል፣ ጥልቅ ጭረቱንም ለማጥፋት ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ሥራዎን በ240ው ይጀምሩ።

በዘይትና በውሃው ክርክር ብዙ ቀለም ፈሷል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። የሁለቱም ተግባር የተፋቀውን ብረት ከድንጋዩ ቀዳዳ አንሥቶ ማውጣት ነው። ውሃ ከጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር ለእንዲህ ያለው ድንጋይ ይበቃል። ያፈሰሱት የምግብ ዘይት ከሆነ ግን ድንጋይዎ ሊደፈን ነው፤ የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው እንደ ሙጫ ይደርቃል፣ ድንጋዩም መብላት አቁሞ ያንሸራትታል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፈው አሳድረው በጠንካራ ብሩሽ ይፈትጉት። ግትር ካለ በነጭ ጋዝ ይቦርሹት፤ ደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው። ዘይት ከመረጡ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፤ አንዴ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ግን ውሃን በደንብ ስለማይቀበል በዚያው ይቀጥላሉ። ጃፓን ሠራሽ የውሃ ድንጋዮች ላይ ዘይት ማፍሰስ ድንጋዩን መጣል ነው። ከእነሱም አንዳንዶቹ አረፋቸው እስኪቆም ውሃ ውስጥ መቀመጥ ይፈልጋሉ፣ ሌሎቹ ላያቸው ላይ ጠብ ማድረግ ይበቃቸዋል፤ የኋለኞቹን ዘፍዝፎ ማሳደር ያበላሻቸዋል።

መሐሉ የጎደጎደ ድንጋይ ላይ ማዕዘን መጠበቅ አይቻልም። ማስመሪያ በቀጭኑ ጎኑ ድንጋዩ ላይ አቁመው ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ይዩ። ካለፈ ለጥ ያለ የሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ደቃቅ አሸዋና ውሃ አድርገው ድንጋዩን በክብ ይሹት፤ ቀድመው በእርሳስ መስመሮች ቢያሰምሩበት መስመሮቹ ሁሉ ሲጠፉ መስተካከሉን ያውቃሉ።

ለሥራው ድንጋዩን ከወገብዎ ትንሽ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉ፤ ከሥሩ የታጠበና የተጨመቀ ጨርቅ ይግባ፣ እንዳይንሸራተት። ቆመው ይሥሩ። በአንድ እጅ እጀታውን፣ የሌላኛውን እጅ ሁለት ጣቶች ደግሞ የብረቱ ጎን ላይ፣ ለአፉ ቀረብ አድርገው ያሳርፉ፤ ድንጋዩ የሚበላው ጣቶችዎ ያሉበትን ቦታ ነው። የእጅዎ አንጓ አይታጠፍ፤ የሚንቀሳቀሰው ከትከሻ ነው። ሰንጢውን ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሱት፤ ቡር እስኪመጣ ድረስ አቅጣጫው ለውጥ አያመጣም። ግፊቱን በቁጥር ለማወቅ የሚፈልጉ ከሆነ ድንጋዩን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠው ይሞክሩት፦ ለመጀመሪያው ሥራ ከ1 እስከ 1 ተኩል ኪሎ፣ ለማጠናቀቂያው ከ300 ግራም በታች። ብዙ ሰው ቁጥሩን ሲያይ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእጥፍ በላይ ይጫን እንደነበር ይረዳል።

6 ሳንቲ ሜትሩን በሦስት ክፍል ያስቡት፦ ሥሩ፣ ቀጥ ያለው መሐሉ፣ ወደ ሹሉ የሚጎብጠው። መሐሉ ራሱን ችሎ ይሳላል። ወደ ሹሉ ሲደርሱ ግን ተዳፋቱ ከድንጋዩ ይለያል፤ ያን ጊዜ አንጓዎን ሳይጠመዝዙ ክርንዎን ቀስ አድርገው ከፍ ያድርጉ፣ እጀታው ይነሣና ጉብጠቱ ድንጋዩን ያገኛል። ሹሉ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ ወድቆ እንዳይወጣ፤ ሹላቸው የተድበለበለ ሰንጢዎች አብዛኞቹ እንዲህ ነው የተበላሹት። ሥሩ ጋ ደግሞ አፉ እጀታው ሥር እስኪደርስ ድረስ ተስሎ ከመጣ፣ ወፍራሙ የብረት ክፍል ድንጋዩን ይነካና ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳይሳል ይቀራል። የድንጋዩን ጠርዝ ተጠቅመው የተቻለዎትን ይቅረቡ፣ የቀረውን ይተዉት። እሱን ለማግኘት ሲታገሉ ሌላውን ያጎድጉዳሉ።

የመጀመሪያው ቡር በ240 ቁጥር ላይ፣ እንደ እርስዎ ለተድበለበለ አፍ፣ በየጎኑ አሥር ደቂቃ ቢወስድ አይደንግጡ። ሙሉ ቡር ሲያገኙ ያገላብጡና ሁለተኛውን ጎን እንዲሁ ይሥሩ፤ ቡሩ ወደ መጀመሪያው ጎን ይሻገራል። ይህ ሲሆን ስለቱ ወጥቷል፣ የቀረው ቡሩን ማስወገድ ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ነው። ቡር ራሱ ስለታም ነው። ወረቀት ይቆርጣል፣ ፀጉር እንኳ ይላጫል፤ ሽንኩርት ሁለት ጊዜ ሲነካ ግን ይታጠፍና ሰንጢው «በአንድ ቀን ደነዘ» ይባላል። ብረቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ያ ሰንጢ ገና ተስሎ አላለቀም ነበር። ስለዚህ ግፊቱን በየደረጃው ይቀንሱ። መጀመሪያ በየጎኑ አምስት አምስት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት ሦስት፣ ከዚያ አንድ አንድ እያሉ ይቀያይሩ፤ አሁን አቅጣጫ ዋጋ አለው፣ አፉን ወደፊት አድርገው ከድንጋዩ ስስ ንጣፍ የሚልጡ ያህል ይግፉ። የመጨረሻዎቹን አሥር ጊዜ በሰንጢው ክብደት ብቻ ይሂዱ። ቡሩ እምቢ ካለ ጀርባውን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ ሳይበልጥ ከፍ አድርገው በየጎኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ እጅግ ቀለል አድርገው ይሂዱ፤ ይነሣል።

ማጠናቀቂያው ያረጀ የቆዳ ቀበቶ ነው። ሻካራውን ጀርባ ወደ ላይ አድርገው ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ይለጥፉት፣ እንደ ብራሶ ያለ የብረት መወልወያ ጥቂት ይቀቡትና ይድረቅ። ቆዳ ላይ ሰንጢ የሚጎተተው ወደ ጀርባው አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አፉ ወደፊት ከሄደ ቆዳውን ይቆርጠዋል። በየጎኑ አሥር ጊዜ ይበቃል። ጉትቻው ሲያልቅ ጀርባውን ቀና ማድረግ ልማድ እንዳይሆንብዎ፤ በድንጋይ የተገኘው በቆዳ ላይ የሚድበለበለው በዚያች ቅጽበት ነው።

የኪስ ሰንጢ ብቻ የሆነ አንድ አደጋ አለ። እጥፉን የሚይዘው ስፕሪንግ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም መቆለፊያ ከሌለው፣ አፉ ወደፊት ሲገፋ ድንጋዩ ሰንጢውን እንደተከፈተ ያቆየዋል፤ ወደ ጀርባው ሲጎተት ግን ሰበቃው ወደ መታጠፊያው ይስበዋል። ቆዳ ላይ ሲጎትቱ ጣቶችዎ እጀታውን ዙሪያውን ጨብጠው ከያዙ ብረቱ የሚዘጋው በእነሱ ላይ ነው። እጀታውን ከግራና ከቀኝ በጎኖቹ ይያዙ። ሲጨርሱ የድንጋዩ ዝቃጭ መታጠፊያው ውስጥ እንዳይቀር በውሃ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ። ያ ዝቃጭ ድንጋይና ብረት ነው፤ ከተዉት መታጠፊያውን ራሱን ይፍቀዋል። መጋዝ መሰል ጥርስ ያለውን ክፍል ደግሞ በጠፍጣፋ ድንጋይ አይንኩት፤ ጥርሶቹን ይበላቸዋል።

ሞራጆቹን በተመለከተ ፍርዴ የተከፈለ ነው። ለበዓል በግ ማረጃ ካራና ለወጥ ቤት ቢላ ጥሩ ናቸው፤ ፈጣን፣ ርካሽ፣ ለሥጋ የሚሆን ሻካራ ስለት ያወጣሉ። ለስስ ሰንጢ ግን ተሽከርካሪ ድንጋይ ሁለት ችግር አለው። አንዱ ብረት ያባክናል፤ በዓመት አራት አምስት ጊዜ የሄደ ሰንጢ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግማሽ ስፋቱ ይቀራል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። የአፉ መስመር እጅግ ስስ ስለሆነ ጀርባው ሳይሞቅ እሱ ብቻ ይግላል። ገለባማ ቢጫ ቀለም ካመጣ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፏል፣ ሰማያዊ ከሆነ 300 ደርሷል፤ እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ለስልሷል፣ የፈለገ ቢሳል ስለት አይይዝም። የለሰለሰው ብረት እስኪያልቅ መሳል ብቻ ነው መድኃኒቱ። በእግር የሚዘወረው ከኤሌክትሪክ ግራይንደር ይሻላል፣ ስለሚዘገይ። ከሰጡም በየጊዜው ውሃ ውስጥ እንዲነክሩት ይጠይቁ። በሁለት ብረት መሐል ጎትተው የሚስሉት ትናንሽ የፕላስቲክ መሳያዎች ደግሞ አፉን ፍቀው ይቀድዱታል፤ ለአንድ ሳምንት የቆረጠ ይመስላል። ለውድ ሰንጢ አልመክራቸውም።

ይልቅ በ3000 ቁጥር ድንጋይ ዋጋ ፋንታ የመኪና ቀለም መሸጫ ሄደው ውሃ የሚችለውን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት በ400 እና በ1000 ቁጥር ይግዙ። ወፍራም መስታወት ላይ በውሃ ይለጥፉት፤ ፍጹም ለጥ ያለ ድንጋይ አገኙ ማለት ነው። ወረቀቱን እንዳይቆርጠው ሰንጢው እንደ ቆዳው ወደ ጀርባው ብቻ ይጎተት። ቁጥሮቹ በየዓይነቱ ይለያያሉ፤ 400 ወረቀት ላይ ያለው ቅንጣት 35 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ)፣ 1000 ላይ ያለው 18 ማይክሮን ያህል ነው፤ 1000 ቁጥር የጃፓን ድንጋይ ከዚህ ትንሽ ይደቅቃል። በእርስዎ 240 ቡሩን አውጥተው፣ በ400 ጭረቱን አለስልሰው፣ በ1000 ጨርሰው፣ በቀበቶው ቢያበቁ ለኪስ ሰንጢ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል። ሥጋና ገመድ ለመቁረጥ እንዲያውም 1000ው ራሱ ትርፍ ነው፤ ጥቃቅን ጥርስ ያለው የ400 አፍ ሥጋ ላይ የበለጠ ይነክሳል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ከ300 እስከ 400 ቁጥር ያለው ጠፍጣፋ የአልማዝ መሳያ ያስመጡ፤ አይጎደጉድም፣ ዘይት አይፈልግም፣ ግፊት ግን አይወድም። ሲጫኑት አልማዙ ይነቀላል። መንገድ ላይ ምንም ሳይኖርዎት ስለቱ ከዛለ ደግሞ የሲኒ ወይም የሸክላ ኩባያ መቀመጫ ላይ ያለው ያልተቀባ ሻካራ ቀለበት እንደ ደቃቅ ድንጋይ ያገለግላል፤ ቡና ከጠጡ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ብረቱም ወሰን አለው። የስዊስ ዓይነት ሰንጢዎች ጥንካሬያቸው ሮክዌል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ 56 አካባቢ ነው፤ በቀላሉ ይሳላሉ፣ ስለታቸው ግን መካከለኛ ዕድሜ አለው። ርካሾቹ ከዚያም ይለሰልሳሉ፤ ቡራቸው ትልቅና ግትር ስለሆነ ብዙ ሰው በእነሱ ላይ ተምሮ ተስፋ ይቆርጣል። በተቃራኒው ብዙ ቫናዲየም ያለባቸው ውድ ብረቶች ውስጥ ያሉት ጠጣር ቅንጣቶች ከተራ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ድንጋይ ይጠነክራሉ፤ እነሱን በአልማዝ ካልሆነ መሳል እጅግ ያደክማል። የእርስዎ ሰንጢ ምን እንደሆነ ብረቱ ላይ የተጻፈ ካለ ያንብቡ፤ ምንም ካልተጻፈበት ለስላሳ ነው ብለው ይነሡ።

ለመፈተን ፀጉር መላጨትን ይተዉት፤ ቡርም ይላጫል። ጋዜጣ ከላይ ይዘው ከሥር እስከ ሹሉ እየሳቡ ይቁረጡ፤ የሚይዝበት ቦታ ካለ እዚያ ቡር ወይም ድንዛዜ አለ። ከዚያ ደረቅ እንጨት ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን አድርገው ቆርጠው ጋዜጣውን እንደገና ይሞክሩት። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ካልሄደ ቡሩ አለ፤ ወደ ቀላሉ ምልልስ ይመለሱ።

በዚያው በተጫጫረው ሰንጢ ይማሩበት፤ ሌላ ማበላሸት አያስፈልግም። በቀን ከሃያ ደቂቃ አይብለጥ። ከተሳለ በኋላ ጋዜጣ ላይ መያዝ ሲጀምር ቀበቶው ላይ አሥር ጊዜ ይበቃዋል። ቀበቶው የማይመልሰው ቀን 1000 ወረቀቱ ላይ አሥር አሥር፤ ያ የቪዲዮ ቁጥር ቦታው እዚህ ነው። ወደ 240ው የሚመለሱት አምፖል ሥር ነጩን ክር እንደገና ሲያዩ ብቻ ነው።